የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጃፓንኛ በአማርኛ ጆሮ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጃፓንኛ ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኛል። መጽሐፌ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፣ ዓረፍተ ነገር ስሠራ ግን ይዞርብኛል። የሰማሁትን የምይዘው በፊደላችን እየጻፍኩ ነው። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ የሚያዞርብዎ መሃል የገባው እንግሊዝኛ ነው። ጃፓንኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ሲሉ «ኪኖ ካታ ሆን» ነው፦ ትናንት፣ የገዛሁት፣ መጽሐፍ። አንድም ቃል ቦታውን አልለቀቀም። የመጽሐፉን እንግሊዝኛ በወረቀት ይሸፍኑና ከጎኑ አማርኛውን ይጻፉ። የእኛ «ን» የሚገባበት ላይ የእነሱ «ኦ» ይገባል፦ «ዳቦውን በላሁት»፣ «ፓን ኦ ታቤማሺታ»። የምንለያየው «ከ»ን በመሰሉ ቃላት ነው። የእኛ «ከ» ስሙን ይቀድማል፣ የእነሱ «ካራ» ግን ይከተለዋል። «እስከ ኦሳካ ድረስ» ለማለት «እስከ»ን ትተው «ድረስ»ን ብቻ ያስቡ፦ «ኦሳካ ማዴ»። በየዓረፍተ ነገሩ «ዋታሺ ዋ» («እኔ») ማለትንም ይተዉ። በአማርኛ «እኔ ቡና ጠጣሁ፣ እኔ ሥራ ሄድኩ» የሚል ሰው ለጆሮ እንደሚከብድ ሁሉ በጃፓንኛም ይከብዳል።

በፊደል መጻፉን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ «እስካሁን አልደረሰም» ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ የምንለየው ከአገባቡ ነው። በጃፓንኛ «ኪቴ» ላልቶ «ና» ማለት ነው፣ «ቴ» ሲጠብቅ ደግሞ ቴምብር ይሆናል። ጃፓኖች ይህን ጥብቀት በትንሽ ፊደል ለይተው ይጽፉታል። ጆሮዎ ጥብቀትን ከልጅነት ስለለመደ ይህ አያስቸግርዎትም። የሚያስቸግረው የአናባቢ ርዝመት ነው፤ አማርኛ የለውምና። «ኦባሳን» አክስት ናት፣ «ባ»ው ሲረዝም ሴት አያት ትሆናለች። ለእያንዳንዱ ምት በጣትዎ ጠረጴዛውን ይምቱ፦ አክስት አራት ምት (ኦ-ባ-ሳ-ን)፣ አያት አምስት (ኦ-ባ-አ-ሳ-ን)። ሌላም ችግር አለ፦ «ትሱ»ን በ«ጹ» የጻፈ ሰው እንደ «ጸሐይ» አፈንድቶ ያነበዋል፣ የጃፓኑ ድምፅ ግን አይፈነዳም።

የጃፓንኛ የድምፅ ፊደላት ሁለት ገበታ ናቸው፦ ሂራጋና 46 መሠረታዊ ፊደላት አሉት፣ ካታካናም እንዲሁ። በቀን አምስት አዲስ በእጅዎ እየጻፉ ቢይዙ አንዱ ገበታ በአሥር ቀን ያልቃል። እንደ «በ፣ ቡ፣ ቢ» ዝምድና ስለሌላቸው «ካ» «ኪ»ን አይመስልም፤ እያንዳንዱን ለብቻው መሸምደድ ግድ ነው። «ካ» ላይ ሁለት ነጥብ ሲጨመር ግን «ጋ» ይሆናል፣ እኛ «ሰ»ን ጭረት ጨምረን «ሸ» እንደምናደርገው። በካታካና «ሺ» እና «ትሱ» ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። በ«ሺ» ሁለቱ አጫጭር ጭረቶች በግራ ተደራርበው ይቆማሉ፣ ረጅሙ ከታች ወደ ላይ ይሳባል። በ«ትሱ» አጫጭሮቹ ከላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ ረጅሙም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ኤን-5 የሚባለውን የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ለማለፍ ስንት ነጥብ ይበቃል? (ከአትላንታ)

መልስ፦ ከ180 ነጥብ 80። ያ ብቻ ግን አይበቃም፦ ከማዳመጡ 60 ቢያንስ 19፣ ከቃላት፣ ሰዋስውና ንባቡ 120 ቢያንስ 38 ያስፈልጋል። ንባብ ላይ ጎበዝ ሆነው ማዳመጥ ላይ 18 ያመጡ ይወድቃሉ። የመናገርና የመጻፍ ክፍል የለውም። አሜሪካ ውስጥ የሚሰጠው በፈረንጆች ዲሴምበር ወር በመጀመሪያው እሑድ ነው፤ ምዝገባው ከወራት በፊት ስለሚዘጋ ከአሜሪካው በጋ (ሰመር) ጀምረው ይከታተሉ።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ኦኒጊሪ (በእጅ የሚጠፈጠፍ የጃፓን ሩዝ) ልሥራ ብዬ ባስማቲ ቀቀልኩ፤ በእጄ ላይ ፈረሰ። ምኑ ጋ ተሳሳትኩ? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ እህታችን፣ ጥፋቱ የሩዙ ነው። ባስማቲ ሲበስል ተለያይቶ የሚቀር ሩዝ ነው፤ ኦኒጊሪ የሚይዘው አጭር ፍሬ ያለውና የሚጣበቅ ሩዝ ነው። የጃፓን ሩዝ ካጡ ጀርመን ውስጥ የወተት ሩዝ ተብሎ የሚሸጠው ይሠራል። 300 ግራም ሩዝ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ሦስት አራት ጊዜ ይጠቡ፣ 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፣ አጥልለው በ400 ሚሊ ሊትር አዲስ ውሃ ይጣዱ። ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርገው 12 ደቂቃ፣ አጥፍተው ደግሞ 10 ደቂቃ ይተዉት፤ ክዳኑን በመሃል አይክፈቱ፣ እንፋሎቱ ካመለጠ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ኮምጣጤ አይጨምሩ፣ ያ ለሱሺ ነው። ትኩስ እያለ እጅዎን በውሃ ያርጥቡ፣ መዳፍዎ ላይ ቆንጠር ጨው ያድርጉ፣ 100 ግራም ያህል ወስደው ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ይጫኑ። አጥብቀው ከጨመቁት እንደ ሊጥ ይሆናል። ከቀዘቀዘ በኋላ የተጠፈጠፈ አይያዝም፤ ፍሪጅ ውስጥ ያደረም ይደርቃል። ስለዚህ የልጆቹን ምሳ ጠዋት ይሥሩት፣ ኖሪ የሚባለውን የባሕር አረም ደግሞ ሊበሉት ሲሉ ይጠቅልሉበት፤ ቀድሞ ከተጠቀለለ ይረጥባል።