ጠይቁን፦ አዲሱ ኤዲሽን የግድ ነው ወይ?

ሰሞኑን ከጅማ የመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ መጽሐፍ ናቸው፣ ያውም ስለ ሒሳብና ስለ ኮምፒውተር ሳይንስ መጽሐፍ፣ እኔም ደስ ብሎኛል ምክንያቱም አገሩ ሁሉ ስለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እያወራ "መጽሐፉስ የት አለ" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ አንዳንዱንም አሳጥሬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ነኝ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት። የአልጎሪዝም መምህራችን ሪፈረንስ አድርጎ የሰጠን ኮርመንን ነው፣ እነ ኮርመን የጻፉትን "ኢንትሮዳክሽን ቱ አልጎሪዝምስ"፣ ግን አራተኛውን ኤዲሽን (እትም)። እኔ ከሲኒየሮች የወረስኩት ሦስተኛው ነው፣ ዶርም ያሉ ልጆች "እሱ አርጅቷል፣ ተወው" ይሉኛል። አዲሱን ቴሌግራም ላይ አገኘሁት፣ ፕሪንት አድርጌ ላስጠርዝ ስል ግን የጠሩልኝ ብር የወር ወጪዬን ጠራርጎ ነው የሚወስደው። ምን ይሻለኛል? — ኪሱ የሳሳበት

መልስ፦ ወንድሜ ብርህን ያዝ። ሦስተኛው ኤዲሽን የወጣው በ2009 ነው፣ አራተኛው በ2022፣ መሀል ላይ 13 ዓመት አለ ሲባል ብዙ ይመስላል፣ ግን እስኪ ዘንድሮ የምትማረውን ተመልከተው፦ የዳይክስትራ ሾርተስት ፓዝ (አጭሩን መንገድ መፈለጊያው) የ1959 ነው፣ ኩዊክሶርት (ዝርዝርን በቅደም ተከተል መደርደሪያው) የ1961፣ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ (የትናንሽ ችግሮችን መልስ እየያዙ ትልቁን መፍታት) ደግሞ ከነሱም ይቀድማል። እነዚህ በ13 ዓመት የሚያረጁ ነገሮች አይደሉም።

አራተኛው ላይ አዲስ የገቡት ምዕራፎች የባይፓርታይት ግራፍ ማቺንግ (የሁለት ቡድን አባላትን ማጣመር)፣ ኦንላይን አልጎሪዝም (ግብዓቱ ሙሉ ሳይደርሰው የሚወስን) እና የማሽን ለርኒንግ (ከዳታ የሚማሩ) አልጎሪዝሞች ናቸው። የወጡም አሉ። ፊቦናቺ ሂፕና ቫን ኤምደ ቦአስ ትሪ የሚባሉት የዳታ ማደራጃዎች፣ ኮምፒውቴሽናል ጂኦሜትሪም ከታተመው ላይ ተነስተው ኦንላይን ነው የተቀመጡት። ስለዚህ አንተ ጋ ያለው "አሮጌ" የተባለው ጥራዝ አዲሱ ወረቀት ላይ የሌለ ነገር ይዟል ማለት ነው፣ ይሄን ለዶርም ልጆች ንገርልኝ።

የሚያስቸግርህ ሌላ ነው፣ የመልመጃ ቁጥር። መምህሩ ቁጥር ብቻ ጠርቶ "ይቺን ሠርታችሁ አምጡ" ካለ ሁለቱ ኤዲሽን ላይ ቁጥሩ ሁሌ ስለማይገጥም ያልተጠየቅከውን ጥያቄ አሳምረህ ሠርተህ ሄደህ ዜሮ ትበላለህ። ለሱ ደግሞ አዲሱ ካለው ልጅ የመልመጃ ገጾቹን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። ማቺንግ ኮርሱ ውስጥ ካለ ያቺን ምዕራፍ ብቻ ፈልገህ አንብብ።

ቴሌግራሙን በተመለከተ እኔ ፖሊስ አይደለሁም፣ ግን እዚያ ከመሮጥህ በፊት የጸሐፊውን የራሱን ገጽ የማየት ልማድ ይኑርህ። በዚሁ በአልጎሪዝም ላይ ጄፍ ኤሪክሰን የሚባል የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ2019 ያወጣው መጽሐፍ አለ፣ ፒዲኤፉን ራሱ ነው በነፃ የለቀቀው፣ ፈቃዱም ሰፊ ነው፣ ስሙን እስከጠቀስክ ድረስ ማባዛትም ማተምም ይቻላል፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱም ቢያትምልህ ሕጋዊ ነው። በኔ አስተያየት ሪከርሽንን (ችግርን ራሱን ወደሚመስሉ ትናንሽ ችግሮች ከፍሎ መፍታትን) ከኮርመን በተሻለ ያስረዳል፣ አጻጻፉ ቀለል ያለ ነው፣ ቀልድም አያጣም። ከሱ ተረዳ፣ ከኮርመን ተለማመድ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ክረምት ክረምት ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ሊኒየር አልጀብራን (የቬክተርና የማትሪክስ ሒሳብን) እንደ አዲስ ልከልስ ብዬ የውጭ አሳታሚዎችን መጻሕፍት ሳይ ዋጋው በዶላር ነው፣ በአስተማሪ ደሞዝ የሚደፈር አይደለም። ደግሞስ ሒሳብ ላይ "አዲስ መጽሐፍ" ማለት ምን ማለት ነው፣ ቲዎረሙ ያው አይደል እንዴ? — መምህሩ ከጂሬን

መልስ፦ መምህር፣ ሁለተኛው ጥያቄዎ ነው የጣመኝ። አዎ ቲዎረሙ ያው ነው፣ አዲስ የሚሆነው መንገዱ ነው፣ ማን ይቅደም፣ ማስረጃው በየት በኩል ይሂድ የሚለው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የሼልደን አክስለር "ሊኒየር አልጀብራ ደን ራይት" ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለ መጽሐፍ ነው፣ አራተኛው ኤዲሽን ግን የ2024 ሲሆን ስፕሪንገር በኦፕን አክሰስ ነው ያወጣው፣ ማለትም ሙሉው ፒዲኤፍ በነፃ፣ በሕጋዊ መንገድ፣ ያለ ምዝገባ ይወርዳል። ዶላሩን እርሱት።

አብዛኞቻችን አይገንቫልዩ (ማትሪክሱ አንድን ቬክተር የሚያባዛበት ቁጥር) የተማርነው በዲተርሚናንት (ከማትሪክስ በሚሰላ አንድ ቁጥር) ነው፣ ከማትሪክሱ ላይ ላምዳ የሚባለውን ያልታወቀ ቁጥር ቀንሰህ፣ ዲተርሚናንቱን ዜሮ አድርገህ፣ ፖሊኖሚያሉን ፈትተህ። ይሠራል፣ ግን ለምን እንደሚሠራ የገባው ተማሪ ስንት ነው? አክስለር ዲተርሚናንትን ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ገፍቶ አይገንቫልዩ መኖሩን ያለሱ ያስረዳል። ባለ 3 ዳይሜንሽን የኮምፕሌክስ ስፔስ ውሰዱ፣ ቲ የሚባል ኦፕሬተር፣ ማለትም ቬክተር ተቀብሎ በዚያው ስፔስ ቬክተር የሚመልስ ሊኒየር ፈንክሽን ይኑር። ዜሮ ያልሆነ አንድ ቬክተር ያዙና ቲን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አሳርፉበት። ከመነሻው ጋር አራት ቬክተር ሆነ፣ ስፔሱ ግን 3 ብቻ ነው የሚችለው፣ ስለዚህ አራቱ ሊኒየርሊ ዲፔንደንት (አንዱ ከሌሎቹ ተባዝተው ተደምረው የሚገኝ) ከመሆን አያመልጡም። ይሄ ማለት ደግሞ ያንን ቬክተር ዜሮ የሚያደርግ የቲ ፖሊኖሚያል አለ ማለት ነው፣ ኮምፕሌክስ ላይ ፖሊኖሚያል ሁሉ ወደ አንደኛ ዲግሪ ፋክተሮች ስለሚበተን ከፋክተሮቹ ቢያንስ አንዱ ኢንጀክቲቭ አይደለም (ዜሮ ያልሆነ ቬክተርን ወደ ዜሮ ይወስዳል)፣ በቃ አይገንቫልዩ ተገኘ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስድስት መስመር አይሞላም። ሁሉም ሰው ይሄን አካሄድ አይወድም፣ ዲተርሚናንት ቀድሞ መምጣት አለበት የሚሉ አሉ፣ በተለይ ኢንጂነሪንግ የሚያስተምሩ፣ እነሱም እውነት አላቸው፣ ስሌት የሚፈልግ ተማሪ ቀመሩን ቶሎ ማግኘት አለበት።

አንድ ጥንቃቄ፦ የዚህኛው ፈቃድ ለንግድ አይደለም። ለራስዎም ለተማሪዎችዎም ማባዛት ይችላሉ፣ አትርፎ መሸጥ ግን ክልክል ነው።

አዲስ የወጣ መጽሐፍ ጊዜ ይገባዋል ወይ የሚለውን ለማወቅ ደግሞ ዜድቢማት (zbMATH) የሚባል አለልዎት፣ በ1931 የተጀመረ የሒሳብ ጽሑፎች መመዝገቢያ ነው፣ ድሮ በክፍያ ነበር፣ ከ2021 ጀምሮ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ሌሎች ሒሳብ ሊቃውንት አንብበው የጻፉት አጭር ግምገማ ያገኙበታል፣ ከመሸጫ ድረገጽ ላይ ካለው ኮከብ ቆጠራ የትና የት።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ባለፈው ዓመት ማስተርሴን ጨረስኩ፣ ቴሲሴ (የመመረቂያ ጽሑፌ) የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍን በማሽን ለርኒንግ መመደብ ላይ ነው። አሁን ከውጭ አንድ አሳታሚ ኢሜይል ላከልኝ፣ "ሥራዎትን አይተን ተደንቀናል፣ መጽሐፍ አድርገን በነፃ እናሳትምልዎ" ይላል፣ ዶክተር ብለው ነው የጠሩኝ። ቤተሰብ ሁሉ ደስ ብሎታል። ፎርሙን ሞልቻለሁ ግን ገና አልፈረምኩም። ልቀጥል? — ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ እህቴ፣ አትፈርሚ። ደስታ ማደፍረስ አልወድም፣ ግን ይሄ ኢሜይል ላንቺ ብቻ የተላከ አይደለም። የዩኒቨርሲቲዎች ቴሲስ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ስለሆነ ርዕስና ስም ከዚያ እየለቀሙ ለተመራቂ ሁሉ ነው የሚልኩት፣ ዶክተር ያሉሽም ስላላነበቡት ነው፣ አንብበውት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማስተርስ እንደሚል ያዩ ነበር።

እውነት ነው ገንዘብ ላይጠይቁሽ ይችላሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የላክሽውን ፋይል ሽፋን ያለብሱታል፣ አይኤስቢኤን ይሰጡታል፣ ድረገጽ ላይ በውድ ዋጋ ይለጥፉታል፣ ገዢ ሲመጣ ብቻ አንድ ኮፒ ያትማሉ። የሚገመግም ምሁር የለም፣ የሚያርም ኤዲተር የለም፣ ስፔሊንግ ኤረሩ እንዳለ ይታተማል። አይኤስቢኤን ደግሞ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ነው እንጂ የጥራት ማኅተም አይደለም።

ጉዳቱ ውሉ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የማተም መብቱን ለብቻቸው እንድትሰጫቸው ይጠይቃሉ። ነገ ከቴሲሱ አንዱን ምዕራፍ አሻሽለሽ ለጆርናል ልላክ ብትዪ ጆርናሉ "ይሄ ታትሟል፣ መብቱም የሌላ ነው" ሊልሽ ይችላል፣ አንቺ ጋ ያለው ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ ያ ምዕራፍ ነው። ፒኤችዲ ስታመለክቺም ሆነ ለማስተማር ስትወዳደሪ ግምገማ ያላለፈ መጽሐፍ ብዙም አያነሳሽም፣ የሚያውቅ ሰው ሲያይ እንዲያውም ይጠረጥርሻል። እውነተኛ የአካዳሚክ አሳታሚ እንዲህ አይቸኩልም፣ ፕሮፖዛልና ናሙና ምዕራፍ ይጠይቃል፣ የማታውቂያቸው ገምጋሚዎች ጋ ይልካል፣ አስተካክዪ ብሎ ይመልስልሻል፣ አንዳንዴም እምቢ ይላል።

በሱ ፈንታ ከአድቫይዘርሽ ጋር ቁጭ በሉና ቴሲሱን ወደ አንድ አጭር ፔፐር ቀይሩት። ዳታውን ራስሽ ሰብስበሽ ከሆነ እሱ ራሱ ትልቅ ሀብት ነው፣ የአፋን ኦሮሞ ዳታ እንደ እንግሊዝኛው የተትረፈረፈ አይደለም። ፔፐሩ እስኪገመገም አርካይቭ (arXiv) ላይ ልታስቀምጪው ትችያለሽ፣ ፖል ጊንስፓርግ በ1991 የጀመረው ነፃ ማስቀመጫ ነው፣ መጀመሪያ ስትልኪ በዘርፉ ቀድሞ የጻፈ ሰው እንዲደግፍሽ ሊጠይቅሽ ይችላል። እዚያ ላይ መቀመጡ ብቻ ተገመገመ ማለት እንዳልሆነም እወቂ። ለቤተሰብ የሚታይ ነገር ከተፈለገ አንድ ኮፒ በቆዳ አስጠርዢና ሳሎን አስቀምጪው፣ እሱ ላይ ማንም ውል አያስፈርምሽም።

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ። መርካቶ ሱቅ አለኝ፣ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፣ ጎበዝ ናት አልሐምዱሊላህ፣ ኤአይ ነው የምማረው ብላ ዲፕ ለርኒንግ የሚባል መጽሐፍ ግዙልኝ ትላለች። የቱ ይገዛ? — እናት

መልስ፦ እናቴ፣ ለጊዜው ምንም አይግዙ። ዲፕ ለርኒንግ ከኤአይ ዘርፎች አንዱ ነው፣ ከዘርፉ መጻሕፍት ጥሩ ከሚባሉት አንዳንዶቹ በነፃ ነው የሚወርዱት። የሳይመን ፕሪንስ "አንደርስታንዲንግ ዲፕ ለርኒንግ" በ2023 በኤምአይቲ ፕሬስ የወጣ ነው፣ ፒዲኤፉ በነፃ ይገኛል፣ ሥዕሉ ብዙ ስለሆነ ለጀማሪ ገር ነው። ግን ከሱ በፊት ሒሳቡ ይቀድማል፣ ለዚያ የሚሆነው በካምብሪጅ በ2020 የወጣው "ማቲማቲክስ ፎር ማሽን ለርኒንግ" ነው፣ እሱም ፒዲኤፉ ነፃ ነው፣ ከሊኒየር አልጀብራ ይጀምርና ካልኩለስንና ፕሮባቢሊቲን ይዞ ይሄዳል። የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ስለሆነ ቶሎ ካልገባት አይደንግጡ። ማትሪክስና ቬክተር የ11ኛ ክፍል መማሪያዋ ላይ አሉ፣ ካልኩለሱ 12ኛ ላይ ይመጣል፣ እነሱን ጠንቅቃ ትያዝ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ደግሞ ጎን ለጎን ትሞክረው። ለመጽሐፍ ያሰቡትን ብር ለኢንተርኔት ፓኬጅ ያድርጉላት።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ የለኝም፣ በስልክ ነው የማነበው፣ ፎርሙላው ዙም ሳደርገው ከስክሪን ይወጣል። መላ አለው? — ከአጂፕ

መልስ፦ መጽሐፍ ከሆነ ስልኩን አግድም አዙረህ ከማንበብ የተሻለ ብዙም የለም። ፔፐር ከሆነ ግን አርካይቭ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ከፒዲኤፉ ጎን ኤችቲኤምኤል (እንደ ድረገጽ የሚከፈት ቅጂ) አስቀምጧል፣ አዳዲሶቹ አብዛኞቹ አላቸው፣ እሱን ብትከፍት ጽሑፉ በስክሪንህ ልክ ይታጠፋል፣ ረጅም ፎርሙላ ብቻ ነው የሚያስቸግርህ። ተማሪ ከሆንክ ደግሞ ላይብረሪ ሄደህ "የሪሰርች ፎር ላይፍ መግቢያ አላችሁ ወይ" ብለህ ጠይቅ፣ በክፍያ የሚሸጡ ጆርናሎችና መጻሕፍት ለድሃ አገሮች ተቋማት የሚከፈቱበት ፕሮግራም ነው፣ ኢትዮጵያ በነፃ ከሚያገኙት ውስጥ ናት፣ ግን በግለሰብ አይገባም፣ ተቋሙ ነው የሚመዘገበው። ፓስወርዱን የያዘውን ሰው ስም ጠይቀህ እሱ ባለበት ሰዓት ሂድ፣ የካምፓስ ኮምፒውተር ላይ አውርደህ በፍላሽ ወደ ስልክህ ገልብጠው፣ ዳታህም አይነካም።