እንደ ቶሪያማ ለመሳል ሥራዬን ልልቀቅ?

«ማተሚያ ቤት ውስጥ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። የ‹ድራጎን ቦል›ን ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማን እየገለበጥኩ ነው ያደግኩት። ሥራዬን ለቅቄ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ብቻ ልሥራ?» ብለህ ስድስት ሥዕሎች ልከሃል።

ለጊዜው አትልቀቅ። ቶሪያማም ናጎያ ውስጥ በማስታወቂያ ድርጅት ሲሠራ ቆይቶ ነው የወጣው፤ ከወጣ በኋላም በሩ ቶሎ አልተከፈተለትም። የመጀመሪያ አጭር ሥራው በ1978 እ.ኤ.አ. «ሾነን ጃምፕ» በተባለው የጃፓን ሳምንታዊ የማንጋ መጽሔት ላይ ታተመ። ከዚያ አርታዒው ካዙሂኮ ቶሪሺማ 500 ገጽ ገደማ ውድቅ አደረገበት። «ዶክተር ስላምፕ» የተባለው ተከታታይ ማንጋው የተጀመረው በ1980 ነው።

የላክኸው የሾለ ፀጉርና ያበጠ ጡንቻ ነው፤ እሱ ቅርፊቱ ነው። የቶሪያማ ስልት የመጣው ከጊዜ ማነስ ነው፦ በየሳምንቱ 15 ገጽ ያህል፣ ያውም ከአንድ ረዳት ጋር። የሱፐር ሳያን (የ«ድራጎን ቦል» ተዋጊዎች ኃይላቸው ሲጨምር የሚለወጡበት መልክ) ፀጉር ወረቀቱ ላይ ነጭ የሆነው ረዳቱ ጥቁር ቀለም ሲሞላ ጊዜ እንዳያልቅ ነው። ውጊያው ከከተማ ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚሆነውም ሕንፃ መሳል ስለሚያደክም። (ራሱን ሰነፍ ይል ነበር።) ሜዳው ባዶ ሲሆን ግን ዓይን ማን ማንን እንደመታ ወዲያው ያያል፤ ከአንተ ሥዕሎች የጎደለው ይሄ ነው።

እንግዲህ ማታ ማታ 24 ገጽ ሙሉ ታሪክ ሥራ። በኤ4 ወረቀት ላይ 150 በ220 ሚሊ ሜትር ክፈፍ አስምር። መጀመሪያ ሁሉንም ገጽ በትንሽ መጠን በእርሳስ ንደፍና ማንጋ ለማያነብ ሰው ንግግሩን ሸፍነህ አሳየው። ማን ምን እንዳደረገ ካልነገረህ ቀለም አትንካ። የቶሪያማን የገጽ አሰላለፍ እንዳለ አትገልብጥ፤ ጃፓንኛው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ በአማርኛ የምቱ አቅጣጫ ከንባቡ አቅጣጫ ጋር ይጋጫል። ቶሪያማ የሣለው ተሽከርካሪ የሚነዳ ይመስላል፤ አንተም አንድ ባጃጅ ሳታይ ከሦስት አቅጣጫ እስክትስል ተለማመድ። ስካን ስታደርግ 600 ዲፒአይ፣ ግራጫ የሌለው ጥቁርና ነጭ ይሁን፤ ግራጫ ጠርዝ ሲታተም ነጠብጣብ እንደሚሆን ሥራህ ስለሆነ ታውቀዋለህ።

በየገጹ የፈጀብህን ሰዓት ጻፍ። አንዱ ገጽ 10 ሰዓት ከወሰደ እንደ ቶሪያማ የሳምንት 15 ገጽ 150 ሰዓት ነው፤ ሳምንቱ ራሱ 168 ሰዓት ብቻ ነው። ያለቀውን 24 ገጽ የጃፓን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከ2007 ጀምሮ ለውጭ አገር ሠዓሊዎች ወደሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የማንጋ ሽልማት መላክ ትችላለህ፤ የዓመቱን ደንብ ቀድመህ አንብብ። የሰዓት መዝገቡን ደግሞ ለእኔ ላክልኝ፤ ስለ መልቀቅ ያኔ በቁጥር እንነጋገራለን።