ዝቅ ያለ ወለል ያለው አውቶቡስ ድሬ ለምታስገቡ፦ ከመፈረማችሁ በፊት መንገዱን ለኩ

ወንድሜ፣ ማኅበራችሁ ሳቢያንን ከከዚራና ከመጋላ በሚያገናኝ መስመር ላይ ወለላቸው ዝቅ ያለ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ሊያስገባ መሆኑን ጽፈህ «እንደ አዲስ አበባው ቀላል ባቡር ደረጃ የሌለው ይሁን ተብሏል፣ ምን እንጠንቀቅ?» ብለሃል። ሐሳቡ ግሩም ነው። እኔ እዚሁ ድሬ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ በሚያመላልስ ድርጅት ጥገና ክፍል ሳለሁ ይኸው ዓይነት አውቶቡስ ገብቶልን ነበር። ስለ ዋጋና ስለ ብድር ሌሎች ይንገሩህ፤ እኔ አንጀቴን ያሳረረኝን ልጻፍልህ።

1. ባቡሩ አያታላችሁ። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሥራ የጀመሩት 41 ባቡሮች ራሳቸው ወለላቸው ዝቅ ያለው 70 በመቶው ብቻ ነው። ሞተሩ ያለበት ጫፍና ጫፉ ከፍ ይላል። ሰው እግሩን ሳያነሣ የሚገባው ፌርማታው ከወለሉ ጋር እኩል ሆኖ ስለተገነባ ነው፤ ሐዲዱ ደግሞ ባቡሩን ሁልጊዜ እዚያው ጠርዝ ላይ ያመጣዋል። እናንተ ሐዲድ የላችሁም፣ ያላችሁ ሹፌር ነው። ከጠርዙ አንድ ሜትር ርቆ ከቆመ አሮጊቷ መጀመሪያ አስፋልት ላይ ትወርዳለች፣ ከዚያ እንደገና ትወጣለች፤ ታዲያ ለዝቅተኛው ወለል የከፈላችሁት ምን ሆነ? ሹፌሩም ወዶ አይደለም የሚርቀው፤ ፌርማታው ላይ ባጃጅ ተደርድሯል። አቦ፣ ጠዋት ቀፊራ አጠገብ ጠርዝ ለጠርዝ የሚያቆም ሹፌር ካገኛችሁ ደመወዙን እጥፍ አድርጉለት! ፌርማታውን ከባጃጅ ማኅበራቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፣ ትራፊክ ፖሊስ ብቻውን አይፈታላችሁም።

2. መንገዱን ለኩ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ። የኛ ግዢ ኮሚቴ አውቶቡሱን ያየው አዲስ አበባ፣ አስመጪው ግቢ ውስጥ፣ እንደ ጠረጴዛ በተደለደለ አስፋልት ላይ ነው። ዞር ዞር አሉበት፣ ፎቶ ተነሡ፣ ፈረሙ። «ከጥገና አንድ ሰው ይጨመር፣ መስመሩም ይለካ» ብዬ ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። የኮሚቴው ሰው ወረቀቱን አይቶ «አንተ ጎማ ፍታ፣ ግዢ የኛ ነው» አለኝ፤ ጸሐፊዋ ፊት። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ድሬን ታውቃታለህ። መንገዱ ደረቅ አሸዋ ወንዝ ውስጥ ወርዶ ነው ማዶ የሚሻገረው። እንዲህ ያለ አውቶቡስ ደግሞ ከፊት ጎማው አልፎ የወጣው አፍንጫው ረጅም ነው፣ ወለሉም ከመሬት ከ35 ሳንቲሜትር ብዙ አይርቅም፣ ከሥር ያለው አካል ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ቁልቁለቱ አልቆ ወደ ላይ ሲታጠፍ አፍንጫው አፈር ይገባል። ገና በመጀመሪያው ሳምንት የፊት ባምፐሩ ተሰነጠቀ፣ የአየር ቱቦው ተቀደደ። ይህ አውቶቡስ እንደ አይሱዙ ባሌስትራ የለውም፤ በአየር በተነፉ የጎማ ከረጢቶች ላይ ነው የተቀመጠው። አየሩ ሲወጣ ሆዱ ተኛ፣ ሰዉ በሐምሌ ፀሐይ ወርዶ በእግሩ ሄደ።

ዋስትና አለን ብለን ወደ አስመጪው ስንደውል ከዚህ ወደዚያ ያዘዋውሩናል። መጨረሻ ላይ ያነሣው ሰውዬ «የመንገዳችሁ ችግር ነው፣ መኪናው ጤነኛ ነው» ብሎ ዘጋው። ውሉ ሲታይ እውነትም ከወለል በታች የሚደርስ ጉዳት በዋስትናው አልተሸፈነም። ማን አነበበው?

ከዚያ ማን ይጠራ? ጎማ ፈቺው! ከጣውላ የአውቶቡሱን ሥር ቅርጽ ቆርጬ፣ የጎማውን ርቀትና የአፍንጫውን ቁመት በልኩ አድርጌ፣ ከአንድ ረዳት ጋር ተሸክመን መሻገሪያዎቹን አንድ በአንድ ዞርን። ጣውላው የነካበት ቦታ አውቶቡሱም ይነካል። ሁለት መሻገሪያ ከመስመሩ አስወጣሁ፣ አንዱ በገረጋንቲ ተሞላ። ሌላም ነገር አገኘሁ፦ ዳሽቦርዱ ላይ በቻይንኛ የተጻፈበት ቁልፍ አለ፣ ሹፌሮቹ ለተሳፋሪ ዝቅ ማድረጊያ ብቻ ይመስላቸው ነበር። ወደ ሌላው በኩል ሲጫን አውቶቡሱን ከፍ ያደርገዋል፣ ቀስ ብለህ ጉብታና ጉድጓድ ታልፍበታለህ። አስመጪው ለማንም አላሳየም። በአማርኛ ጽፌ ለጠፍኩበት፤ ኮሚቴው ግን በሪፖርቱ «በተደረገ ክትትል» ብሎ አለፈው።

3. የዊልቸር መወጣጫው በእጅ የሚዘረጋ ይሁን። በሞተር የሚወጣው ካታሎግ ላይ ያምራል፣ የድሬ አሸዋ ግን ውስጡ ገብቶ ይይዘዋል። በእጅ የሚገለበጠውን ረዳቱ በመንጠቆ ይዘረጋዋል፤ ቢጣመምም ማንኛውም በያጅ ያቃናዋል።

4. ቻርጀሩ፦ የቻይና አገር ውስጥ መሰኪያና የአውሮፓው አንድ አይደሉም፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት እዘዙ። በድሬ ሙቀት ኤሲው ከባትሪው ብዙ ስለሚበላ ካታሎጉ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር አትመኑ። ዕቃው አብዛኛው ጣሪያው ላይ ስለሆነ ጋራዣችሁ መሬት ላይ ክሪክ፣ ከላይ ደግሞ ሰው ቆሞ የሚሠራበት መድረክ ያስፈልገዋል። ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ጣሪያ ካላችሁ ከአሁኑ አንሱት።

5. መለዋወጫ። አባቴ ሽሜንደፈር፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በእነሱ ጊዜ ለገሃር ወርክሾፕ ውስጥ የጠፋ ዕቃ በቶርኖ ይወጣ ነበር፤ ባቡሩም አይቆምም። የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ግን ቶርኖ አያወጣውም። የአዲስ አበባዎቹም ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት እንደቆሙ በይፋ የተነገረ ነው። ስለዚህ ካርዱን፣ የአየር ከረጢቱን፣ የበር ሞተሩንና የፊት መስታወቱን ከአውቶቡሱ ጋር አብራችሁ እዘዙ። የመጨረሻው ክፍያም ዕቃው ድሬ መጋዘናችሁ ገብቶ በጥገና ሰው እጅ ሳይቆጠር እንዳይለቀቅ ውሉ ውስጥ ይግባ። የጣውላውን ልክ ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የምትገዙትን ሞዴል ስትነግረኝ አስተካክዬ እልክልሃለሁ።