ሉተራናዊ ኦርጋን ተጫዋች ለካቶሊክ ቁምስና

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምገለገልበት የላቲን ሥርዓት ቁምስና ምክር ቤት አባል ነኝ። ኦርጋን ተጫዋቻችን ጡረታ ወጥተዋል። ከአመልካቾቹ ሁሉ የበለጠው ሉተራናዊ ወጣት ነው። አንዳንዶቻችን «እምነታችንን የማይጋራ ሰው በደመወዝ ቅዳሴያችንን ያገልግል?» እያልን ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?
ወለተ ማርያም

መልስ፦ እህቴ፣ ቅጠሩት። ነገር ግን መዝሙር የመምረጡን ኃላፊነት ለካቶሊክ ስጡ። ሁለቱን ሥራዎች አትቀላቅሉ።

ሥጋታችሁ ተገቢ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ አምልኮ ሥርዓት ባወጣው ሰነድ መዘምራን እውነተኛ የአምልኮ አገልግሎት እንደሚፈጽሙ ይናገራል፤ የሥርዓቱ መንፈስም እንዲዋሐዳቸው ይጠይቃል። መዝሙር የሚመርጥ ሰው ለዓመታት ምዕመናንን ሃይማኖት ያስተምራል። የዕለቱን ምንባብ፣ የቅዱስ ቁርባንን ምስጢር፣ የእመቤታችንን በዓላት ከልቡ ሊያውቃቸው ይገባል። በምንባባቱ መካከል የሚዘመረውን መዝሙረ ዳዊትም ካቶሊክ ይምራው እላለሁ፤ እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የአብያተ ክርስቲያናት አንድነት መመሪያ በቅዳሴ ላይ የሚነበበውን ቃል በመደበኛነት ለራሳችን ምዕመናን ይተወዋልና።

የኦርጋኑ ሥራ ግን ከዚህ ይለያል። ሉተራናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ እ.ኤ.አ. በ1733 ኪርዬና ግሎሪያ የተባሉትን የቅዳሴ ዝማሬዎች ደርሶ ለሳክሶኒው ካቶሊክ ገዥ አቅርቧል። ካቶሊኩ የሙዚቃ ደራሲ ዊልያም በርድም በፕሮቴስታንቷ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የጸሎት ቤት አገልግሏል። ሁለቱም የየራሳቸውን እምነት አልተዉም።

መዘምራን ስመራ ከእንደዚህ ዓይነት ተጫዋቾች ጋር ሠርቻለሁ። የሚቸግራቸው ጣታቸው ሳይሆን የጾምና የበዓላት ወቅቶች ሥርዓት ነው። በዐቢይ ጾም ሃሌ ሉያ እንደማይዘመር፣ ከጥቂት ቀናት በቀር ኦርጋንም ዝማሬውን ለመደገፍ ብቻ እንደሚሰማ ካልነገራችሁት ከየት ያውቀዋል? ገና ጾሙ ሳይገባ ቆሞሱ ወይም የመዘምራኑ መሪ አብሮት ይቀመጥ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ምዕመናን ሊቆርቡ ሲነሡ እርሱ ኦርጋኑ ጋ ይቀራል። ማንም ቀርቦ «ለምን አትቆርብም?» አይበለው፤ ማንም «መቼ ካቶሊክ ትሆናለህ?» እያለ አያስጨንቀው። ደመወዙ የሥራው ዋጋ ነው፤ ሃይማኖቱን ሊለውጥ የተቀበለው መያዣ አይደለም። የልምምድ ሰዓቱ፣ የሠርግና የቀብር ክፍያው በውል ይጻፍ።

እሑድ የእርሱም የአምልኮ ቀን ነው። በስንት ሰዓት ወደ ራሱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ጠይቁትና ያን ሰዓት አትንኩበት።