ያልገዛሁት ዲኤልሲ ለምን የኔን ስቶሬጅ ይይዛል? ጠይቁኝ

ሰላም ጓዶች። የጌም ፋይል እየፈታሁ ውስጡን ማየት ሱስ ከሆነብኝ ቆየ፣ ሰሞኑን ደግሞ ብዙ ሰው ባልገዛው ዲኤልሲ (ከጌሙ ለብቻ የሚሸጥ ተጨማሪ ነገር፣ ለምሳሌ አዲስ ካራክተር) ቦታው ሲያዝበት ሲበሳጭ እያየሁ ነውና ጠይቁኝ የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ እኔ ምንም ዲኤልሲ ገዝቼ አላውቅም ግን ጌሙ አፕዴት በመጣ ቁጥር ይወፍራል። ምንድነው ውስጡ?

መልስ፦ ጥሩ ድርሻው የሰው ዕቃ ነው 😀 ብዙ ጌም ሰሪዎች አፕዴት ሲለቁ ለገዛውም ላልገዛውም አንድ ዓይነት ፋይል ነው የሚልኩት። ዲኤልሲ ገዝተህ ዳውንሎዱ በሰከንድ ካለቀ ያወረድከው ካራክተሩን ሳይሆን ቁልፉን ነው፣ ካራክተሩማ ድሮም ቤትህ ተቀምጦ ነበር።

ጥያቄ፦ ለገዛው ሰው ብቻ ቢልኩ ምናለበት? ስንፍና ነው እኮ

መልስ፦ ሁሌ አይደለም። ፋይቲንግ ጌም (ሁለት ካራክተር የሚደባደቡበት) ውሰድ፣ ኦንላይን የገጠመህ ልጅ የገዛውን ካራክተር ይዞ ሲመጣ ያንተ ማሽን መልኩንም ድምፁንም እንቅስቃሴውንም ከራሱ ዲስክ ነው የሚያነበው፣ በኢንተርኔት የሚመላለሰው ማን ምን በተን ነካ የሚለው ነገር ነው፣ ስለዚህ ፋይሉ አንተ ጋ ከሌለ መጋጠም የለም። ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 የሚባለው የስትራቴጂ ጌም ላይም ጨዋታውን የከፈተው ሰው የገዛው ኤክስፓንሽን (ትልቅ ዲኤልሲ በለው) ለገቡት ሁሉ ይሰራል፣ ያ የሆነው አሰራሩ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ስላለ ነው። እንዲህ ላለው እኔ ቅሬታ የለኝም፣ አንተም ትጠቀምበታለህ።

ጥያቄ፦ የካፕኮምን ጉድ ረሳኸው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አልረሳሁም! በፈረንጅ 2012 የጌም ሰሪው ካፕኮም ፋይቲንግ ጌም ስትሪት ፋይተር ክሮስ ተከን ሲወጣ 12 ካራክተር ዲስኩ ላይ ተቆልፎ ተገኘ፣ ቆይተው በ20 ዶላር ሸጡት። የሚገርመው አንዱ ምክንያታቸው የሰዉን ሃርድ ዲስክ ቦታ መቆጠብ ነው የሚል ነበር። ያኔ ሰው የጮኸው "ያለቀ ስራ ቆልፈው ድጋሚ ሸጡልን" ብሎ ነው እንጂ ቦታ ተያዘብኝ ብሎ አይደለም። ሁለቱን አትደባልቁ፣ አንዱ የዋጋ ጥያቄ ነው አንዱ የቦታ።

ጥያቄ፦ እሺ ብቻዬን የምጫወተው ጌምስ? ማንም አይገጥመኝም

መልስ፦ አሁን ነካኸኝ። እዚህ ጋ ምንም ሰበብ የላቸውም። አደራ እንኳን ሲሰጥህ "አስቀምጥልኝ" ተብለህ ነው፣ እነሱ ግን ሳይጠይቁህ ሊሸጡልህ ያሰቡትን ዕቃ አንተው ቤት ያከማቹና ዳውንሎዱንም በራስህ ዳታ ያስወርዱሃል፣ መጋዘናቸው ሆነህ ኪራይ ከፋዩም አንተ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የሚባለው የጌም ማሽን 512 ጊጋ ይባላል እንጂ ለጌም የሚተርፈው 364 አካባቢ ነው፣ አንድ ጌም 20 ጊጋ ያልገዛኸውን ነገር ቢያስቀምጥብህ ከ5 በመቶ በላይ ሄደ ማለት ነው። አይቻልም እንዳይሉ ደግሞ ይቻላል፣ ስቲም (የፒሲ ጌም መሸጫው) ላይ ብዙ ዲኤልሲ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ምልክት ስታነሳለት ከዲስክህ ይጠፋል፣ የ2019ኙ ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞደርን ዋርፌርም ፒሲ ላይ 200 ጊጋን ካለፈ በኋላ የማትፈልገውን ክፍል ለይተህ እንድታጠፋ ፈቅደዋል። እኔ የምጠይቀው እሷን ምልክት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የልጄ ታብሌት በጌም ሞልቶ ፎቶ እንኳን አልይዝ አለ፣ እኔ እናቱ ደግሞ ነገሩ አይገባኝም፣ ስልክና ታብሌት ላይም እንደዚህ ነው?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ እዚህማ ይብሳል ምክንያቱም ቦታው ከመነሻው ትንሽ ነው። ግን ሲፈለግ ብቻ የሚወርድ ፋይል መስራት ለጌም ሰሪው የቆየ ነገር ነው፣ አይፎንና አይፓድ ላይ ከ2015 ጀምሮ አለ፣ አንድሮይድም አለው። ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ የሚለውን ክፈቺና ትልቁን ጌም እዪ፣ ከልጁ ጋር ተማክራችሁ የማይነካውን አጥፉ።

ጥያቄ፦ ስቶሬጅ ርካሽ ነው ባካችሁ፣ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ጨምሩ

መልስ፦ ግዛልኝ 😂

ጥያቄ፦ የሚወፍረው ሁሉ ዲኤልሲ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይ፣ በሐሰት አንክሰስ። የመጀመሪያው ታይታንፎል ፒሲ ላይ 48 ጊጋ ሲሆን 35ቱ ያልታመቀ ድምፅ ነበር። ሄልዳይቨርስ 2 ደግሞ ለድሮ ሃርድ ዲስክ ይፍጠን ተብሎ አንዱ ፋይል ስንት ቦታ ተደጋግሞ 154 ጊጋ ደርሶ ነበር፣ ድግግሞሹን ሲያወጡት ወደ 23 ወረደ።

ጥያቄ፦ የተቆለፈውን ብከፍተው ሌብነት ነው? ዲስኩ የኔ ነው እኮ

መልስ፦ ዲስኩ ያንተ ነው፣ የሰዎቹ ስራ ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የ1998ቱ የዲጂታል ኮፒራይት ሕግ ቁልፍ መስበሩን ራሱን ይከለክላል። ቦታዬን ያለፈቃዴ ያዙ ብለህ የምትናደድ ሰው አንተም ያለፈቃድ አትክፈት፣ ክርክርህ ይበላሽብሃል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፋይሉን ገብቼ ላጥፋው?

መልስ፦ አልመክርህም። የሚቀጥለው አፕዴት ወይ የፋይል ምርመራ "ጎድሏል" ብሎ መልሶ ያወርደዋል፣ ዳታህን ሁለቴ ከፈልክ ማለት ነው፣ ኦንላይን ከሆነ ደግሞ አንቲቺቱ (አጭበርባሪ የሚይዘው ፕሮግራም) ፋይል ነካካህ ብሎ ሊያባርርህ ይችላል። ሰሪዎቹ ጋ ጻፍ፣ ስንት ጊጋ እንደያዘብህ ቁጥሩን ጨምርበት።