ከሕግ ቢሮ እስከ ካቢኔ፦ ስለ ፖል ቦአቴንግ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ብሪታኒያዊው ጠበቃና ሚኒስትር ስለ ፖል ቦአቴንግ የምታነሱት ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሱ። ለንደን ውስጥ ለጠበቆች ቢሮ በአማርኛ አስተርጓሚነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የእሳቸውን ታሪክ መከታተል የጀመርኩትም በዚያው ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ስማቸው የጋና ነው። እንግሊዝ አገር እንዴት ተገኙ?

መልስ፦ የተወለዱት እዚያው ለንደን፣ ሀክኒ ውስጥ፣ በ1951 ነው። አባታቸው ጋናዊ፣ እናታቸው ስኮትላንዳዊት ናቸው። በልጅነታቸው ቤተሰቡ ወደ ጋና ሄደ። አባታቸው ክዋኩ ቦአቴንግ ራሳቸው ጠበቃ ነበሩ፣ ኋላም የክዋሜ ንክሩማ ሚኒስትር ሆኑ። በ1966 ወታደሮች ንክሩማን ሲገለብጡ አባትየው ታሰሩ፤ እናትየው ደግሞ ፖልንና እህታቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ ሸሹ፣ ሄምል ሄምፕስቴድ የምትባል ከለንደን ወጣ ያለች ከተማ ገቡ። የሚኒስትር ልጅ የነበረው በአንድ ጊዜ የእስረኛ ልጅ ሆነ ማለት ነው። ኋላ ሕግ ያጠኑት በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ነው።

ጥያቄ፦ ሶሊሲተር ናቸው ወይስ ባሪስተር? አንዱ ጋ እንዲህ፣ ሌላው ጋ እንዲያ ተጽፎ አያለሁ።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ነው። በሶሊሲተርነት ጀመሩ፣ በኋላ ደግሞ እንደገና ሠልጥነው ባሪስተር ሆኑ። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም «ጠበቃ» ስለሚባሉ ልዩነቱ ያደናግራል። የጥገኝነት ጉዳይ ያላቸው ወገኖቻችን ግን በደንብ ያውቁታል። ወር ሙሉ ቢሮው ሲያመላልስህ፣ ታሪክህን ሲጽፍ፣ ሰነድህን ሲሰበስብ የከረመው ሶሊሲተር ነው። የችሎቱ ቀን ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት አይተኸው የማታውቅ ሰው ፋይልህን ይዞ ይነሳል፤ ባሪስተር እሱ ነው። ስንቱ ደንግጦ «የኔ ጠበቃ የታለ? ይሄ ደግሞ ማነው?» ብሎኛል መሰላችሁ! ቦአቴንግ ስማቸውን ያገኙት በፊተኛው ሥራ ነው፤ ተበዳዩ መጀመሪያ ከሚያንኳኳው በር ጀርባ ተቀምጠው።

ጥያቄ፦ ጠበቃ ሳሉ የሠሩትን በምሳሌ ብታስረዳን።

መልስ፦ ስለ እሳቸው ሲወራ ሁሉም «የመጀመሪያው ጥቁር ሚኒስትር» የሚለው ላይ ይቸኩላል፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይሄ ዘመን ነው።

በዚያ ጊዜ «ሰስ» የሚባል ነገር ነበር፣ ከ1824 የባዘኑ ሰዎች ሕግ የተረፈ አንቀጽ። ፖሊስ አንድን ሰው መንገድ ላይ ሲንጎራደድ አይቶ «ወንጀል ሊሠራ አስቧል» ብሎ ከጠረጠረ ማሰር ይችል ነበር። የተሰረቀ ዕቃ አያስፈልግም፣ ከሳሽ ተበዳይም አያስፈልግም፤ የሁለት ፖሊሶች ቃል ይበቃል። ጉዳዩ የሚታየው ዝቅተኛው ፍርድ ቤት ስለነበር ጁሪም፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው አይደለም ብሎ የሚወስን ከተራው ሕዝብ የተውጣጣ ቡድን፣ አልነበረም። ልጁ «አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር» ቢል ማን ይሰማዋል? የካሪቢያን ተወላጆች ልጆች በዚህ አንቀጽ በገፍ ይታፈሱ ነበር።

ትግሉን የጀመሩት ደግሞ ፖለቲከኞች አይደሉም፣ እናቶች ናቸው። ደቡብ ለንደን፣ በሉዊሻም አካባቢ፣ ሜቪስ ቤስት የምትባል ሴትና ጓደኞቿ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ እየሄዱ የተያዙ ልጆችን ያስለቅቁ ነበር። «ሰስ ይሰረዝ» የሚለው ዘመቻ ከዚያ ተነሳ፤ ከ1977 እስከ 1981 የዘመቻው የሕግ አማካሪ ፖል ቦአቴንግ ነበሩ። አንቀጹ በ1981 ከሕግ መጽሐፉ ወጣ። መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመት የቆየ ሕግ!

ሁለተኛው ጉዳይ የቼሪ ግሮስ ነው። በሴፕቴምበር 28 ቀን 1985 ማለዳ የታጠቁ ፖሊሶች ልጇን ፍለጋ ደቡብ ለንደን፣ ብሪክስተን ያለውን ቤቷን ሰብረው ገቡ። ልጁ እዚያ አልነበረም። አንዱ ፖሊስ ተኮሰባት፤ የስድስት ልጆች እናት ከዚያ በኋላ በእግሯ አልቆመችም። የዚያኑ ዕለት ብሪክስተን በረብሻ ታመሰች። ጥብቅና የቆሙላት ቦአቴንግ ናቸው። የተኮሰው ፖሊስ ተከስሶ በ1987 በነጻ ተሰናበተ። እሷ በ2011 አረፈች፤ የፖሊስ ጥፋት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን ጁሪ የተናገረው በ2014 ነው። ይህን ፋይል የያዘ ሰው ኋላ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲገባ ፖሊስ ማለት ለእሱ ወረቀት ላይ ያለ ቃል ብቻ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጥብቅናውን ትተው ፖለቲካ ውስጥ የገቡት ለምንድነው?

መልስ፦ ትተው አይደለም፣ ጎን ለጎን ነው ያስኬዱት። በ1981 ዋልተምስቶን ወክለው የታላቋ ለንደን ምክር ቤት አባል ሆኑ፣ የፖሊስ ጉዳይ ኮሚቴውንም በሊቀመንበርነት መሩ። ችግሩ፣ ያ ምክር ቤት በለንደን ፖሊስ ላይ ምንም ሥልጣን አልነበረውም፤ ፖሊሱ ተጠሪነቱ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነበር። ኮሚቴው መጠየቅ ይችላል፣ ማዘዝ ግን አይችልም። በ1986 ደግሞ የታቸር መንግሥት ምክር ቤቱን ራሱን አፈረሰው። እንደኔ አስተያየት ወደ ዌስትሚንስተር፣ ወደ አገሪቱ ፓርላማ ማለት ነው፣ የገፋቸው ይሄው ነው፤ ሥልጣኑ ያለው እዚያ ነበርና። በ1983 ሞክረው ተሸንፈው ነበር። በ1987 በሌበር ፓርቲ ስም ብሬንት ሳውዝ በሚባለው የለንደን ምርጫ ክልል አሸነፉ፤ በዚያው ምርጫ ጥቁሮቹ ዳያን አቦትና በርኒ ግራንት፣ የእስያ ተወላጁ ኪት ቫዝም ፓርላማ ገብተዋል።

ጥያቄ፦ «ዛሬ ብሬንት ሳውዝ፣ ነገ ሶዌቶ» ብለዋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ያሸነፉ ሌሊት ነው የተናገሩት። ሶዌቶ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለ የጥቁሮች ሰፈር ነው። ያኔ ማንዴላ እስር ቤት ናቸው፣ አፓርታይድም አለ። ብዙ ሰው ማጋነን ነው ብሎባቸዋል። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ የብሪታኒያ ሃይ ኮሚሽነር ሆነው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሾሙና እስከ 2009 እዚያ አገለገሉ። ሃይ ኮሚሽነር ማለት አምባሳደር ማለት ነው፤ የኮመንዌልዝ አገሮች እርስ በርስ ሲላላኩ ስሙ ይለወጣል እንጂ።

ጥያቄ፦ ሚኒስትር ሆነው የያዟቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?

መልስ፦ በ1997 ሌበር ሲያሸንፍ በጤና ሚኒስቴር ምክትል ሆነው ተሾሙ፤ ማኅበራዊ አገልግሎትና የአእምሮ ጤና በእጃቸው ነበር። በ1998 ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ፣ በ2001 ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተዛወሩ። በሜይ 2002 የዚሁ የገንዘብ ሚኒስቴር (ትሬዠሪ) ቺፍ ሴክሬታሪ ሆኑ፤ በብሪታኒያ ታሪክ ካቢኔ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ያን ቀን ሆኑ።

ጥያቄ፦ «ቺፍ ሴክሬታሪ» ዋና ጸሐፊ ማለት ከሆነ ትልቅ ሹመት ነው እንዴ?

መልስ፦ ስሙ እንዳያታልልሽ እህቴ። ከገንዘብ ሚኒስትሩ ቀጥሎ ያለው ሰው ነው፤ ያኔ የበላያቸው ጎርደን ብራውን ነበሩ። ትምህርት ሚኒስቴርም በይው መከላከያ፣ ገንዘብ ሲፈልግ መጥቶ የሚከራከረው ከዚህ ሰው ጋር ነው። «ይሄ በዝቷል፣ ይሄ አይሆንም» ማለት የዕለት ሥራው ነው። ቦአቴንግ በተሾሙ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጁላይ 2002፣ የሚቀጥሉት ዓመታት የወጪ ዕቅድ ይፋ ሆነ። በ2003 ደግሞ መንግሥት የሕፃናትን ጥበቃ እንደ አዲስ ለማደራጀት ያወጣውን ሰነድ ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ በ2000 በአሳዳጊዎቿ ተሠቃይታ ሞታ ነበር። ሐኪሙም፣ ፖሊሱም፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛውም አይተዋት ነበር፤ ማንም አላዳናትም። ሰነዱ እነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚያውቁትን እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ለማድረግ ያለመ ነበር።

ጥያቄ፦ ሥልጣን ሲይዙ ተለወጡ፣ ያ ታጋይ ጠፋ የሚሉ አሉ። ያንተ አስተያየት ምንድነው?

መልስ፦ ነገሩ ሁለት ገጽታ አለው። በዘረኞች የተገደለውን ጥቁር ወጣት የእስቲቨን ላውረንስን ጉዳይ የመረመረው የማክፈርሰን ሪፖርት በ1999 ሲወጣና የለንደን ፖሊስ ተቋማዊ ዘረኝነት አለበት ሲል ቦአቴንግ አገር ውስጥ ጉዳይ ውስጥ ነበሩ። በ2000 የዘር ግንኙነት ሕጉ ተሻሽሎ ፖሊስንም አካተተ። በጠበቃነታቸው ውጭ ቆመው የጮኹለት ነገር ውስጥ ሳሉ ሕግ ሆነ፤ ይህን ቀላል የሚል ሰው የ1970ዎቹን ብሪክስተን አያውቅም።

የኢራቅ ጦርነት ግን ሌላ ነው። በማርች 2003 ሮቢን ኩክ ጦርነቱን ተቃውመው ከካቢኔ ሲወጡ ቦአቴንግ ቀሩ፣ ድምፃቸውንም ለጦርነቱ ሰጡ። ካቢኔ ውስጥ ያለ ሰው ወይ ከመንግሥት ጋር ይቆማል ወይ ይለቃል፤ ደንቡ ይገባኛል። ቢለቁ እመርጥ ነበር። በጣም የማከብራቸው ሰው ናቸውና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ሰባኪ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ አዎ፣ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሰባኪ ናቸው፤ ቄስ አይደሉም። ንግግራቸውን የሰማ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቃል።

ጥያቄ፦ አሁንስ?

መልስ፦ ከ2010 ጀምሮ የጌቶች ምክር ቤት አባል ናቸው። ሎርድ የሚሆን ሰው ከማዕረጉ ጋር የቦታ ስም ይመርጣል። እሳቸው ሁለት መረጡ፦ አንዱ ጋና ያለው አኪየም፣ ሁለተኛው ለ18 ዓመት የወከሉት ሕዝብ ሰፈር፣ ዌምብሌይ።