ወረቀቱ የት ይሄዳል?

ልጆቼ፣

ሶሻል ወርክ ስትማሩ የኢሚግሬሽን ሕጉን «የጠበቃ ሥራ ነው» ብላችሁ ትዘሉት ይሆናል። እኔም ዘልዬው ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ለልጇ የምግብ ድጋፍ ልታመለክት መጣች። ፎርሙን ሞልቼላት እስክሪብቶ ሰጠኋት። አነሳችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ይኼ ወረቀት ከዚህ ወጥቶ የት ይሄዳል?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። «አይዞሽ» አልኳት። ሳትፈርም ሄደች፤ ዳግም አላየኋትም።

የጠየቀችኝ «አይዞሽ» እንድላት አልነበረም።

ፍርሃት ከሕጉ አልፎ ነው የሚሄደው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «የመንግሥት ሸክም» ደንብ፣ ግሪን ካርድ የሚያመለክት ሰው የምግብ ድጋፍና ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) መውሰዱ እንዲቆጠርበት አደረገ። ልጆች በራሳቸው ስም የሚያገኙት በወላጆቻቸው ላይ አይቆጠርም ነበር። ቢሆንም ደንቡ ጭራሽ የማይመለከታቸው ወላጆች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ከድጋፉ አስወጡ። ደንቡ በ2021 ቀረ፤ ቢሮ ውስጥ ግን «ስሜ ይመዘገባል?» የሚለው ጥያቄ አልቀረም።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ነገሩ በሌላ በር ይገባል። ቪዛቸው የመንግሥት ድጎማ የሚከለክላቸው ወላጆች ልጃቸው ሲቸገር፣ በ1989ኙ የልጆች ሕግ መሠረት ወደ አካባቢው አስተዳደር ይሄዳሉ። ሶሻል ወርከሯም ብዙ ጊዜ ልጁ በልቶ እንደሆነ ሳትጠይቅ የወላጁን ቪዛ ለማየት ትገደዳለች። በሙያችን እንደዚህ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም። አለቃችሁ «አጣሩ» ቢላችሁ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚያዛችሁ ጠይቁት። አንዳንዴ አንቀጹ አለ፤ አንዳንዴ ደግሞ የቢሮ ልማድ ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሕጉን እወቁ ስላችሁ ጠበቃ ሁኑ ማለቴ አይደለም። እዚያው እንግሊዝ ፈቃድ የሌለው ሰው የኢሚግሬሽን ምክር ቢሰጥ በ1999ኙ ሕግ ወንጀል ነው። «ይሳካልሻል» ከማለት የምታምኑት ጠበቃ ስልክ በእጃችሁ ቢኖር ይሻላል።

ማስታወሻ ስትይዙም ቆጥባችሁ ጻፉ። ባለጉዳዩ በየት በኩል እንደገባ ለአገልግሎቱ የማያስፈልግ ከሆነ ፋይሉ ውስጥ ምን ይሠራል? ፋይል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠየቃል፤ እናንተ ከለቀቃችሁም በኋላ ሌላ ሰው ያነበዋል።

እኔ አሁን ከማስፈረሜ በፊት ስክሪኑን ወደ ባለጉዳዩ አዞራለሁ። የጻፍኩትን አነብለትና ወረቀቱ ለማን እንደሚላክ እነግረዋለሁ። ነግሬያቸውም የማይፈርሙ አሉ። ፎርሙን ሳልቀደው አስቀምጥላቸዋለሁ።